ልጆችና ውሻ ይዞ ከውጪ ሀዋሳ መግባት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከውጪ ጠቅልለው ሀዋሳ ሊገቡ የሚያስቡ ቤተሰቦች በስልክም በቴሌግራምም የሚጠይቁኝ ነገር በጣም ስለሚመሳሰል መልሶቹን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ። እኛ ከጀርመን ነው የመጣነው፣ ሁለት ልጆችና ብሩኖ የሚባል ላብራዶር ይዘን። ልጆቹ እዛ ተወልደው እዛ ያደጉ ስለሆኑ ሀዋሳ ለነሱ የሰው ሀገር ነበረች። ከአሜሪካ ውሻ ይዘው የመጡ ጎረቤቶችም ስላሉን የነሱንም መንገድ ጨምሬበታለሁ።

ውሻ ይዞ ኢትዮጵያ መግባት ይቻላል ወይ? ምን ወረቀት ያስፈልጋል?

ይቻላል። በእጃችሁ መኖር ያለባቸው ዋናዎቹ ማይክሮቺፕ (ከውሻው ቆዳ ስር የሚገባ መለያ ቁጥር)፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሰርተፍኬት እና ከምትወጡበት ሀገር የመንግስት የእንስሳት ሀኪም ማህተም ያረፈበት የጤና ሰርተፍኬት ናቸው። የጤና ሰርተፍኬቱ በረራው ሲቃረብ ነው የሚወጣው፣ ቀድማችሁ ካወጣችሁት ጊዜው ያልፍባችኋል። ቺፑ 15 ዲጂት ያለው የአይኤስኦ ስታንዳርድ ይሁን፣ ደሞ ከክትባቱ በፊት ነው መግባት ያለበት፣ ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ አውሮፓም አሜሪካም ክትባቱን እንዳልተሰጠ ነው የሚቆጥሩት። በኛ ሀገር በኩል የእንስሳት ጉዳይ ግብርና ሚኒስቴር ስር ስለሆነ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ሚኒስቴሩን ወይ ኤምባሲውን የወቅቱን መስፈርት በፅሁፍ ጠይቃችሁ መልሱን ፕሪንት አድርጋችሁ ያዙት፣ ኤርፖርት ላይ ወረቀት የያዘ ሰው ነው ቶሎ የሚያልፈው።

በረራው ላይ ውሻው ምን ይሆናል?

የመጓጓዣ ሳጥኑ ውሻው ቆሞ፣ ዞሮ፣ ተዘርግቶ መተኛት የሚችልበት መሆን አለበት፣ የውሀ ሳህኑም ከበሩ ላይ የሚታሰር ቢሆን ይሻላል። ማስተኛ መድሀኒት አትስጡት፣ ሰው "ይረጋጋል" ብሎ ይመክራል ግን አየር ላይ ትንፋሹንና ደም ግፊቱን ስለሚያወርደው የእንስሳት ሀኪሞች አይደግፉትም። ከዛ ይልቅ ሳጥኑን ቀደም ብላችሁ ገዝታችሁ ሳሎን ውስጥ አስቀምጡትና ምግቡን እዛ ይብላ፣ እዛው ይተኛ፣ የበረራው ቀን ሳጥኑ አልጋው ይሆናል ማለት ነው። አፍንጫቸው የተጨፈለቀ እንደ ፐግና ቡልዶግ ያሉትን ብዙ አየር መንገዶች አይጭኑም ወይ ገደብ ያደርጉባቸዋል፣ ስለዚህ መጀመሪያ አየር መንገዱን ጠይቁ።

ወደፊት መመለስ ብንፈልግስ?

ይሄ ጥያቄ ሲመጣ በጣም ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚያስበው ስለመግባቱ ብቻ ነውና። ኢትዮጵያ የአውሮፓ ህብረት የቤት እንስሳ ያለ ደም ምርመራ ከሚቀበልባቸው ሀገራት ዝርዝር ውጪ ናት። ከዚህ ተነስቶ አውሮፓ የሚገባ ውሻ በደሙ ውስጥ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ በበቂ መጠን እንዳለው በምርመራ መረጋገጥ አለበት፣ ልኬቱ በሚሊ ሊትር ቢያንስ 0.5 ዩኒት መሆን አለበት፣ ደሙ የሚወሰደው ከክትባቱ 30 ቀን ካለፈ በኋላ ነው፣ ምርመራውም ህብረቱ እውቅና በሰጠው ላቦራቶሪ ነው የሚሰራው፣ ከዛ ደሞ 3 ወር መጠበቅ አለ። ይሄን ሁሉ ከሀዋሳ ሆኖ መጨረስ ምን ያህል እንደሚያደክም አስቡት። ነገር ግን ምርመራውን አውሮፓ ሳላችሁ አሰርታችሁ ሀኪሙ በውሻው ፓስፖርት ላይ ከፃፈላችሁ የ3 ወሩ ጥበቃ ይቀርላችኋል፣ ክትባቱም ቀኑ ሳያልፍበት እስከታደሰ ድረስ ውጤቱ አይበላሽም። የ3 አመት ክትባት ካለ እሱን አስወጉት። እባካችሁ ይሄን አትዝለሉት፣ ቤተሰብ ታሞ በድንገት መሄድ ሲመጣ ውሻውን ለማን ትሰጡታላችሁ?

ከአሜሪካ ለምትመጡ ደሞ ህጉ ከኦገስት 1 ቀን 2024 ጀምሮ ጠብቋል። ወደ አሜሪካ የሚገባ ማንኛውም ውሻ ቢያንስ 6 ወር የሞላው፣ ቺፕ ያለው መሆን አለበት፣ የሲዲሲም (የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማእከል) ፎርም ይሞላለታል። ኢትዮጵያ እብድ ውሻ በሽታ በብዛት ካለባቸው ሀገራት ስለምትመደብ ተጨማሪ ነገር ይጠይቃሉ፣ አሜሪካ ውስጥ የተከተበ ውሻ ግን መንገዱ በጣም ቀላል ነው፣ ያም ከመውጣታችሁ በፊት ክትባቱን የሚያረጋግጠውን ፎርም በመንግስት ሀኪም ካስፀደቃችሁት ነው።

ከቦሌ ሀዋሳ እንዴት እንምጣ?

በመኪና። መንገዱ 275 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፣ ከሞጆ በኋላ መቂ፣ ባቱ፣ አርሲ ነጌሌ፣ ሻሸመኔ እያላችሁ ትደርሳላችሁ። ስምጥ ሸለቆው ቀን ላይ ስለሚሞቅ ማለዳ ውጡ፣ ባቱ ላይ ቁርስ ስትበሉ ውሻውን መስኮት በተዘጋ መኪና ውስጥ ጥላችሁ እንዳትገቡ፣ መኪና ውስጥ ሙቀቱ በደቂቃዎች ነው የሚገድለው፣ አንድ ሰው ጥላ ስር ይዞት ይቁም። ለሹፌሩ ደሞ ውሻ እንዳለ ቀድማችሁ ንገሩት፣ ቦሌ በር ላይ ሲያይ "እኔ አልጭንም" የሚል ብዙ ነው፣ በሱም አይፈረድበትም።

ለኛ ለሰዎቹስ መኖሪያ ፈቃድ?

ትውልደ ኢትዮጵያዊ ከሆናችሁ ቢጫ ካርዱን (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያውን) አውጡ፣ ቪዛም መኖሪያ ፈቃድም አያስፈልጋችሁም፣ የትዳር ጓደኛም በናንተ በኩል ሊያገኝ ይችላል። ለባንኩም ለሲሙም ፋይዳ (ብሄራዊ ዲጂታል መታወቂያ) ስለሚጠየቅ እንደገባችሁ ተመዝገቡ። ለእለት ተእለቱ ቴሌብር (በስልክ መክፈያው) ካላችሁ ከባጃጅ እስከ ሱቅ ይሰራላችኋል።

ቤት ስንከራይ ውሻ መኖሩን እንናገር ወይስ ዝም እንበል?

ተናገሩ፣ ግን በደንብ ተናገሩ። ለደላላው "ውሻ አለን" ብትሉት "ውሻማ ጥሩ ነው፣ ሌባ ይጠብቃል" ይላችኋል፣ አከራይዋም እሺ ትላለች። እነሱ በሀሳባቸው ያለው ግን ቀን በር አጠገብ ታስሮ ማታ የሚፈታ ውሻ ነው፣ እናንተ ደሞ ሳሎን ምንጣፍ ላይ የሚተኛ ውሻ ነው ያላችሁ። ፀቡ የሚመጣው አከራይዋ ኪራይ ልትቀበል መጥታ ሶፋው ስር ስታየው ነው። ስለዚህ "ቤት ውስጥ ነው የሚኖረው፣ ታጥቦ የተከተበ ነው፣ ያበላሸውን እኛ እንከፍላለን" በሉ፣ ውሉም ላይ ይፃፍ።

ኮንዶሚኒየም ባትሞክሩት እመርጣለሁ፣ ደረጃው ላይ ውሻ የሚፈራ ህፃንና አዛውንት በየቀኑ መጋፈጥ ለማንም ጥሩ አይደለም። ግቢ ያለው ቤት ፈልጉ። አከራዮቹ እዛው ግቢ የሚኖሩ ከሆነ ከመፈራረማችሁ በፊት ውሻውን ይዛችሁ ሄዳችሁ አስተዋውቁ። ግቢውን ስታዩ ከመኝታ ክፍሉ ብዛት በፊት የቆርቆሮውን በር ስር እዩ፣ ክፍተቱ ሰፊ ከሆነ የመንገድ ውሾች አፍንጫቸውን እያስገቡ ሌሊቱን ሙሉ ሲጯጯሁ ያድራሉ፣ በሽታም በዛው ነው የሚተላለፈው፣ አንድ መስመር ብሎኬት ወይ ላሜራ ይበቃዋል። ከከተማው ዳር ከሆናችሁ ደሞ ማታ ጅብ ስላለ ውሻው ደጅ አይደር።

ሰፈሩ ውሻውን ይቀበለዋል?

የሚቀበለው እናንተን ሲቀበል ነው። እዚህ ውሻ ብቻውን አይታይም፣ "የእነ እገሌ ውሻ" ነው የሚባለው፣ ስለዚህ እነ እገሌ መሆን አለባችሁ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቡና አፍልታችሁ ጎረቤት ጥሩ፣ የዛን ቀን ውሻው ጓዳ ይሁን፣ እንግዳ በፍርሀት ስኒ ይዞ እንዲቀመጥ አታድርጉ። የክትባቱን ወረቀት አምጥታችሁ አሳዩ፣ ማሳየት ያስተዛዝባል ብላችሁ እንዳታፍሩ። የኛ ጎረቤት እትዬ ወረቀቱን ተቀብለው ቀኑን እያነበቡ "እሱስ ከኛ ልጆች በላይ ተከትቧል" ካሉ በኋላ ነው ልጆቻቸው ወደ ግቢያችን መግባት የጀመሩት።

ሰው ለምን እንደሚርቀው መረዳት ያስፈልጋል። ፍርሀቱ መሰረት አለው፣ በእብድ ውሻ በሽታ የሞተ ሰው የሚያውቅ ብዙ ነው። ከዛ ሌላ የሀይማኖቱ ነገር አለ፣ ሙስሊም ጎረቤቶቻችሁ የውሻ ምራቅ ልብሳቸውን ከነካው ሳይታጠቡ መስገድ አይችሉም፣ ወደ ቤተክርስቲያን የሚሄድም ሰው ነጠላ ለብሶ ሲያልፍ ውሻ እንዲዘልበት አይፈልግም፣ እሁድ ጠዋት ወደ ገብርኤል በሚወስደው መንገድ አትሂዱበት። ቅር የሚያሰኝ ነገር የለውም፣ ገመዱን አሳጥሮ ዳር መያዝ ነው።

አንድ ነገር ላሳያችሁ። እዚህ ያሉ ውሾች ሰው ወደ መሬት ጎንበስ ሲል ካዩ ድንጋይ ሊያነሳ ነው ብለው ወዲያው ይሸሻሉ፣ ህፃንም ሽማግሌም ይሄን ያውቃል፣ ውሻ ሲፈራ ጎንበስ ይላል። ብሩኖ ግን ጀርመን ሀገር ሰው ጎንበስ ሲል ኳስ ሊወረውርለት እንደሆነ ነው የሚያውቀው፣ ስለዚህ ጎንበስ ወዳለው ልጅ እየሮጠ ይሄድ ነበር፣ ልጁ የበለጠ ይደነግጣል፣ ድንጋዩም ይወረወራል። ይሄን የሰፈሩን ልጆች ሰብስበን አስረዳናቸው፣ "ዝም ብላችሁ ቁሙ፣ እጃችሁን አታውለብልቡ፣ አትሩጡ" ብለን አለማመድናቸው፣ እሱንም ሲጠራ እንዲመለስ አጠናከርንበት። የግቢያችን ዘበኛ ጋሼም መጀመሪያ ላይ የምግብ ሳህኑን በረጅም ዱላ ነበር የሚገፉለት፣ አሁን ብሩኖ ማታ ማታ እግራቸው ስር ነው የሚተኛው።

ባለቤት የሌላቸውን ውሾች በመርዝ ማስወገድ በሀገራችን ከተሞች ሲደረግ የኖረ ነገር ስለሆነ ውሻችሁ አንገቱ ላይ ማሰሪያ ይኑረው፣ ብቻውን ከግቢ አይውጣ፣ መንገድ ላይ የተጣለ ስጋ እንዳይበላም አስተምሩት።

እብድ ውሻ በሽታ ያሰጋል? ልጆቹስ?

አዎ ያሰጋል፣ ይሄን አለሳልሼ መፃፍ አልፈልግም። በሽታው ምልክት ካሳየ በኋላ የሚያድን ህክምና የለም ማለት ይቻላል፣ ግን ከምልክቱ በፊት በደረሱበት ሰአት ሙሉ በሙሉ መከላከል ይቻላል። ልጆቻችሁን ከመምጣታችሁ በፊት ቅድመ መከላከያውን አስከትቧቸው፣ የአለም ጤና ድርጅት የሚለው ሁለት መርፌ ነው፣ የመጀመሪያው ቀንና በ7ኛው ቀን። ጥቅሙ ምንድነው፣ በኋላ ቢነከሱ ኢሚዩኖግሎቡሊን የሚባለው ውድና በቀላሉ የማይገኝ መድሀኒት አያስፈልጋቸውም፣ ሁለት ማጠናከሪያ መርፌ ይበቃቸዋል።

ሰው ከተነከሰ ወይ የተጫረ ቆዳው ላይ ምራቅ ከነካው ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውሀ 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቡት። 15 ደቂቃ ረጅም ነው፣ ልጅ እያለቀሰ የበለጠ ይረዝማል፣ ግን ቫይረሱን የሚያጥበው እሱ ነው፣ ሰአት ይዛችሁ እጠቡ። ከዛ በዛው ቀን ጤና ተቋም፣ "ውሻውን አይተን እንወስን" አይባልም። ያልተከተበ ሰው በ0 (በመጀመሪያው መርፌ ቀን)፣ በ3፣ በ7 እና በ14ኛው ቀን ነው የሚወጋው፣ ህመሙ የለም ተብሎ አይቋረጥም። ፀበሉም የሀገር መድሀኒቱም ለሚያምን ሰው ይቅር አልልም፣ ክትባቱ ግን ይቅደም። ለልጆቻችሁ ደሞ አንድ ነገር ንገሯቸው፣ "ውሻ ቢነክስሽ አንቆጣሽም፣ ቶሎ ንገሪን"። ልጅ መንገድ ላይ ያለ ቡችላ ነክታ ተጭራ ቁጣ ፈርታ ብትደብቅ ነው አደጋው።

ምን ይበላል?

የታሸገ የውሻ ምግብ አዲስ አበባ ይገኛል፣ ዋጋው ግን በየወሩ የሚቻል አይደለም፣ እኛ እየቀቀልን ነው የምናበላው። ሩዝ ወይ ቅንጬ፣ ካሮት፣ ከልኳንዳ ቤት የሚገኝ ቁርጥራጭ ስጋ። ወጥ አትስጡት፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻ ደም ያበላሻል፣ የኛ ወጥ ደሞ ያለ ሽንኩርት የለም፣ ሰራተኛዋም ጎረቤትም በደግነት እንዳያጎርሱት አስረዱ።

አሳ ሀዋሳ ሁሌም አለ፣ ቆሮሶም አምባዛም። ቀቅላችሁ እሾሁን በእጃችሁ እየዳበሳችሁ አውጡ፣ አምባዛ ስጋው ወፍራም ስለሆነ ለዚህ ይሻላል። በሁዳዴ 55 ቀን ብዙ ልኳንዳ ስለሚዘጋ አሳው ያኔ ነው የሚያድነን። ጥሬ ሳንባና ጉበት ግን ፈፅሞ አትስጡት። በአል ሲታረድ ጥሬ ሆድ እቃ ለውሻ መጣል የተለመደ ነው፣ ጉበትና ሳንባ ላይ ያ ውሀ የቋጠረ ከረጢት የሚመስለው ነገር የትል እጭ ነው፣ ውሻው ሆድ ውስጥ ትል ይሆናል፣ እንቁላሉ በአይነምድሩ ወጥቶ ወደ ልጅ እጅና አፍ ይገባል፣ ሰው ላይ ደሞ ኦፕራሲዮን እስከማድረግ ያደርሳል። ፕራዚኳንቴል ያለበትን የትል መድሀኒት ሀኪም ባዘዘላችሁ ጊዜ ስጡት፣ ልጆችም ከነኩት በኋላ እጃቸውን ይታጠቡ።

ሀይቁ ዳር ማንሸራሸር ይቻላል?

ይቻላል፣ የሀዋሳ ኑሯችን ጣፋጩ ክፍል እሱ ነው። ፍቅር ሀይቅ በኩል ያለው መንገድ ማለዳ ላይ ስፖርት ከሚሰሩ ሰዎች በቀር ባዶ ነው፣ ቅዳሜና እሁድ ከሰአት ግን አትሞክሩት፣ ሰው አናት ላይ ሰው ነው።

የአሳ ገበያውን አሞራ ገደልን ለልጆቹ ብቻ አድርጉት። ጠዋት አሳ አጥማጆቹ ጀልባቸውን አስጠግተው እዛው እየበለቱ ሲሸጡ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ከልጅ ቁመት የማያንሱ ናቸው፣ ተሰልፈው ቆመው ፍርፋሪ ይጠብቃሉ፣ ልጆቻችን በዚህ ከተማ ውስጥ መጀመሪያ የወደዱት ቦታ ይሄ ነው። ለውሻ ግን መሬቱ ላይ የአሳ አንጀትና መንጠቆ አለ፣ መንጠቆ የዋጠ ውሻ ኦፕራሲዮን ሊያስፈልገው ይችላል፣ ጦጣዎቹም ምግብ ስለለመዱ ሰው አይፈሩም፣ ውሻ ካባረራቸው ዞረው ይናከሳሉ።

ውሀው ውስጥ አይግባ፣ ልጆቹም አይግቡ። ቢልሃርዚያ አለ፣ ጉማሬም አለ። ጉማሬ ሲመሽ ለግጦሽ ስለሚወጣ ከምሽት በኋላ ከቄጠማው ራቁ፣ ጀልባ ላይ ሆኖ ቀን ማየት ነው።

የውሻ ሀኪም አለ?

የእንስሳት ክሊኒክ አለ፣ ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲም የእንስሳት ህክምና ያስተምራል፣ ባለሙያ አይጠፋም። አብዛኛው ስራቸው ግን ከብትና በግ ላይ ስለሆነ ለውሻ የሚሆን መድሀኒት እንደልብ አይገኝም። የፓርቮና የዲስተምፐር ክትባቱን ጨርሳችሁ ኑ፣ የመዥገርና የቁንጫ መድሀኒት እንደ ብራቬክቶ ያለውን ለአመት የሚበቃ ይዛችሁ ኑ። መዥገሩ ቀልድ አይደለም፣ ከእግር ጉዞ መልስ ጆሮውን ውስጡን፣ ብብቱን፣ የጣቶቹን መሀል በየቀኑ እዩ፣ ይሄን ስራ ለልጆቹ ስጡት፣ ይወዱታል።

የልጆቹ ትምህርትና ጤናስ?

ትምህርት መስከረም ነው የሚጀመረው፣ ምዝገባው ክረምት ላይ ስለሆነ ከተቻለ ሀምሌ ላይ ግቡ፣ ልጆቹም ሳይጨናነቁ ሰፈር ይለምዳሉ። አማርኛ ከተማው ውስጥ ሁሉም ጋር ያግባባል፣ ሲዳምኛ ግን ሰላምታውን እንኳን ቢማሩ ሰው ፊቱ ይበራል፣ ሀገሩ የሲዳማ ነውና መማሩ ተገቢም ነው። የሲዳማ አዲስ አመት የሆነው የፍቼ ጨምበላላ በአል ጉዱማሌ በሚባለው ቦታ ሲከበር ይዛችኋቸው ሂዱ፣ በ2015 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ የመዘገበው በአል ነው።

ሀዋሳ ከባህር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ወባ አለ፣ አጎበር ይሰቀል። የመጠጥ ውሀ ደሞ ከጉድጓድ የሚወጣ ከሆነ አስመርምሩት፣ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ፍሎራይድ ይበዛል፣ ማፍላት አያጠፋውም፣ የሚያድግ ልጅ ጥርስ ያበላሻል።

በአል ሲሆን ውሻው ይረበሻል?

ርችት ካለ አዎ። ለደመራ፣ ለገና፣ ለጥምቀት ዋዜማ ጓዳ አስገቡት፣ ቴሌቪዥኑን ከፍ አድርጉ። የሌሊት ቅዳሴና የአዛን ድምፅ ሲሰማ መጀመሪያ ሰሞን አብሮ ያላዝናል፣ በኋላ ይለምደዋል።

ድመትስ?

ድመትም ለአውሮፓ መመለሻው ህግ ያው ነው፣ ቺፕ፣ ክትባት፣ የደም ምርመራ። አሜሪካ ግን በሲዲሲ በኩል ለድመት የእብድ ውሻ ክትባት ወረቀት አይጠይቅም፣ እዚህ ስትኖር ግን ተከትባ ትኑር፣ እሷም ትያዛለች፣ እሷም ታስተላልፋለች።